ዶልዱሟል ያልኩት ድምፅ

ሰው ስለ እኔ ሲያወራ ከስሜ በፊት የሚያነሳው ጆሮዬን ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ በኋላ እዚህ ካምፓላ፣ ሃያ ዓመት ስለ ሙዚቃ ጽፌና ተናግሬ ያፈራሁት ይህንን ዝና ነው። "እሱ ከሰማው አለቀ" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ትሑት ሰው አይደለሁም።

እዚህ ሐበሻው ትንሽ ነው፤ ዘፋኙ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። አልበም ሲወጣ ሁሉም ዓርብ ዓርብ በኢንተርኔት ሬዲዮ የማቀርበውን አስተያየት ይጠብቃል። የምግብ ቤት ባለቤቶችም ማንን መድረክ ላይ እንደሚያወጡ የሚወስኑት እኔን ሰምተው ነው።

ባለፈው ዓመት ካምዎክያ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ምግብ ቤት እሑድ ከሰዓት የምትዘፍን የወሎ ልጅ የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። ደንቤ አንድን ዘፈን ሦስት ጊዜ መስማት ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ መኪና ውስጥ፣ ከዚያ መድረክ ላይ ሲዘፈን ከድምፅ ባለሙያው አጠገብ ቆሜ። ሦስቱም ጊዜ ያው ሆነብኝ። "ድምጿ ዶልዱሟል፣ ቃላት ትውጣለች" ብዬ በሬዲዮ ተናገርኩ። ድምፁን የሚቆጣጠረው ዩጋንዳዊ ግን መድረክ ላይ በሰማኋት ዕለት፣ ድምጿን አጥራልኝ ስለው፣ እዚህ ትልቅ ሰው እንደሚጠራው "ምዜ" ብሎ ጠርቶኝ፣ "ቀጭኑን ድምፅ ከዚህ በላይ ከፍ ካደረግኩት ሰው ጆሮውን ይዞ ይወጣል" ብሎኝ ነበር። ሥራውን የማያውቅ መስሎኝ ናቅኩት።

በሳምንቱ የምግብ ቤቱ ባለቤት ልጅቷን አሰናበታት።

ኪዋቱሌ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ መጣች። ስድብ ጠብቄ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "ጋሼ፣ ልከራከርዎ አልመጣሁም" አለችኝ። "የቱ ቃል ላይ እንደሆነ ያሳዩኝና ላርመው።"

"እስቲ ዝፈኚው" አልኳት።

ያለ ሙዚቃ ዘፈነችው። ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ከንፈሯን እያየሁ እንኳ ግማሹ አመለጠኝ። "ይኸው፣ እዚህ ጋ" ልላት አፌን ስከፍት ባለቤቴ እጇን እየጠራረገች ከኩሽና ወጣች። "አንቺ ልጅ፣ አስለቀስሽኝ እኮ" አለቻትና ግጥሙን ቃል በቃል ደገመችላት። ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ከግድግዳው ማዶ ሆና፣ ለማቶኬ የሚሆን አረንጓዴ ሙዝ እየላጠች ነው የሰማችው።

ልጅቷ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ ባለቤቴን ታያለች። እኔ በማግስቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አሳየኝ። ቃል ከቃል የሚለዩትን ቀጫጭኖቹን ድምፆች አልሰማቸውም። "ዛሬ የጀመረ አይደለም፣ ዓመታት ሆኖታል" አለኝ። ቤት ገብቼ የድሮ ጽሑፎቼን አወጣሁ። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ደብዛዛ ያላልኩት፣ የታፈነ ያላልኩት ዘፋኝ የለም ማለት ይቻላል። ስንቱን እንጀራ እንዳሳጣሁ ማሰብ ስጀምር ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

በቀጣዩ ዓርብ ስለ ልጅቷ ተሳስቼ ነበር ብዬ በሬዲዮ ተናገርኩ። ስለ ጆሮዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ወኔ አጣሁ። ይህንን ካወራሁ ነገ ማን ይሰማኛል? ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ጆሮው ደከመ ሳልባል እሷ ትመለሳለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አልተመለሰችም።

እሑድ ከሰዓት ራሴ ወደ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ እኩያዬ ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቀልደኛ።

"ዓርብ ያን ያልከው አዝነህላት ነው፤ ገብቶኛል" አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

"አይደለም። ጆሮዬ ታሟል። ሐኪም ነው ያረጋገጠልኝ።"

ሳቀብኝ። "ያንተ ጆሮ? ተው እንጂ። ለእሷ ብለህ ራስህን አታዋርድ።"

የሐኪሙን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሳያየው በክርኑ ገፋ አደረገውና ወደ መድረኩ በአገጩ ጠቆመኝ። በወሎዋ ልጅ ቦታ የተተካች ሌላ ልጅ እየዘፈነች ነበር።

"ይልቅ ስለዚች ንገረኝ። እንዴት ናት?"

"አላውቅም" አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ አንድም ዘፋኝ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ፊቱ ተለወጠ። "እንዲህ ካልክማ አልወደድካትም ማለት ነው። በቃ፣ ዛሬውኑ ትሸኛለች። እንኳን ነገርከኝ።"

"ጎበዝ ናት" አልኩት ቶሎ ብዬ። "በጣም ጎበዝ ናት። እንዳትለቃት።"

ምን ብላ እንደምትዘፍን አንዲት ቃል እንኳ አልለየሁም ነበር። እሱ ግን ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም የወሎዋን ልጅ ቦታ በገዛ አፌ ለሌላ ሰጥቼባት ወጣሁ።