ረቡዕ የወሰድኩት የዶሮ መረቅ

ያኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። እዚህ በስደት አገር፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለ ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ጋር እኖር ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሳሎናችን የእኛ አልነበረም፤ የቤት ኅብረት ነበረን። አሥራ አምስት ሰው በአንድ ሶፋና በምንጣፉ ላይ ተደራርቦ ይዘምራል፣ ይጸልያል። ጫማው በር ላይ ይከመራል፣ የካፖርቱ ክምር አልጋዬን ይውጠዋል። ዛሬ ሰፊ ሳሎን አለኝ፤ ሰዉ ግን እየቤቱ ተቀምጦ በስልክ ነው አብሮ የሚጸልየው። ያ መጨናነቅ፣ ያ የእርጥብ ካልሲ ሽታ ሳይቀር፣ እንዴት እንደሚናፍቀኝ።

ከእኛ በታች፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። የአገራችን ሰው ናቸው፤ ማዕተባቸው ከአንገታቸው የማይለይ ኦርቶዶክስ። አንድ ቀን አሳንሰር ውስጥ እኔንና ወንድሜን አገኙንና፣

"እናንተ ልጆች፣ እግዜሩ ጣራው ላይ ነው እንዴ የሚኖረው? እንዲያ የምትጮሁለት?" አሉን።

"ይቅርታ ጋሼ፣ እንቀንሳለን" አልኩ።

"ብትቀንሱማ ጴንጤ አትባሉም።"

እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ወንድሜ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ ኅብረቱን የሚመራው እሱ ነበር፣ ከሁላችንም የሚጮኸውም እሱ ነበር። ከሳምንት በኋላ ከሕንጻው አስተዳደር የማስጠንቀቂያ ኖቲስ በበራችን ሥር ገባ። ጩኸታችሁን ካላቆማችሁ የተከራያችሁትን ቤት እስከ ማጣት ትደርሳላችሁ የሚል። ማን እንዳመለከተ ማንም አልነገረን፤ መገመትም አላቃተንም። ከዚያ በኋላ ወንድሜ አሳንሰሩ ውስጥ አዛውንቱን ካየ ሰባቱን ፎቅ በእግሩ ይወጣው ጀመር።

በጥር መጨረሻ ልብስ ላጥብ ወርጄ ሳለ የሕንጻው ኃላፊ ነገረኝ፤ የእናንተ አገር ሽማግሌ በረዶ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ሆስፒታል ናቸው አለኝ። ያን ሰሞን ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ ነበርና፣ ባሱ ዞሮ ዞሮ ሆስፒታሉ ሲያደርሰኝ የያዝኩት ብርቱካን እጄ ላይ ቀዝቅዟል።

አዛውንቱ ሲያዩኝ "ደግሞ እዚህ ልትዘምሪልኝ ነው?" አሉ።

ከሆስፒታል የሚወጡ ሕመምተኞችን ጉዳይ የምትከታተል ሶሻል ወርከር አልጋው አጠገብ ቆማለች። ነገሩን አስረዳችኝ። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ረዳት ይመደብላቸዋል፤ ጠዋት ግን የሚያስታጥባቸው፣ የሚያለብሳቸውና ቁርስ የሚያቀርብላቸው ሰው ከሌለ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ይገባሉ። ዘመድ የሚባሉት ሩቅ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር ያለች የእህታቸው ልጅ ብቻ ናት።

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ "እዚያ ከገባሁ በአማርኛ የምጨቃጨቀው ማንን ነው?" አሉ።

እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው፤ የማታ ሺፍት። ቀኑን ሙሉ አንድም ቃል በቋንቋቸው ሳይሰሙ የሚውሉ ሽማግሌዎችን ስለማውቅ አፌ ቀደመኝ። "ጠዋት እኔ አለሁ" አልኩ።

ቤት ገብቼ ስናገር ወንድሜ ሹካውን አስቀመጠ።

"ከሰው ሁሉ እሳቸውን መረጥሽ?"

"እኔ አልመረጥኩም፤ ተሰብረው አገኘኋቸው።"

"ከቤት ሊያስወጡን ነበር እኮ! ፍቅር ማለት ሰው ሲረግጥሽ መነጠፍ ነው?"

"እሺ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቶቻችንን ባርክ ስትል የትኞቹን ነው?"

 ሥራው ታክሲ ነው፤ ከሐሙስ በቀር ማታ ይወጣል፣ ጠዋት ይገባል። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

እሑድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሰኞና ማክሰኞ ደህና ነበር። በመደገፊያቸው እየተንፏቀቁ በር ይከፍቱልኛል፤ አስታጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። እሳቸው ደግሞ እንቁላል አጠባበሴን ይነቅፋሉ። ደስ አለኝ። እንግዲህ ደስታ ሲበዛ ሰው ይሳሳታል፤ ረቡዕና ሐሙስ የዕረፍት ቀኖቼ ስለነበሩ ረቡዕ ማልጄ ተነስቼ ዶሮ ቀቀልኩ፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ያለበት፣ አጥንት የሚጠግን መረቅ። ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ ወረድኩ።

ክዳኑን ስከፍተው አዛውንቱ ድስቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ረቡዕ" አልኩ፤ ብዬም ገባኝ። ምን ልበላችሁ፣ ከጴንጤ ቤት ብወለድም ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም የማያውቅ ሐበሻ የለም። ግን እዚህ አገር ረቡዕ ለእኔ የዕረፍት ቀን፣ ዓርብ ደግሞ ደመወዝ የሚገባበት ቀን ነበር። ከዚያ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

"ጋሼ፣ ረስቼው ነው። ደግሞ የታመመ ሰው አይጾምም ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"የተሰበረው ዳሌዬ ነው፤ ሆዴ አልተሰበረም።" ድስቱን ወደ እኔ ገፉት። "ለካ ለዚህ ኖሯል ጠዋት ጠዋት ሽር ጉድ የምትዪው። መጀመሪያ ጾሜን፣ ቀጥሎ ማዕተቤን። ድስትሽን ይዘሽ ውጪልኝ።"

ወጣሁ። ሐሙስ ጠዋት ሳንኳኳ አልከፈቱልኝም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ፤ የእህታቸው ልጅ ነበረች።

"እህቴ፣ አትምጣብኝ ብለውኛል" አለችኝ። "ሶሻል ወርከሯ ነገ ቤታቸው መጥታ ታያቸዋለች። ጠዋት የሚመጣ ሰው ከሌለ ለነርሲንግ ሆሙ ልፈርም ነው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

"እስከ ነገ ታገሺኝ" አልኳት።

ወደ ቤት ወጥቼ አለቀስኩ፣ እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተናደድኩት በእሳቸው ነበር። ልፋቴን እንዲህ ይተረጉሙት? ልጸልይ ተንበርክኬም ክሴን ነበር የማቀርበው። እየቆየ ግን አንድ ነገር ወጋኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የምፈልገውን ስሰጣቸው ሰነበትኩ እንጂ ምን እንደሚበሉ አንዴም አልጠየቅኋቸውም። በእጄ ሠርቼ፣ በእጄ ቀድቼ፣ ይብሉልኝ ነበር የምለው። እወደዋለሁ የሚሉትን ሰው መቼ እንደሚጾም ካላወቁ ምኑን አወቁት?

እስክሪብቶና አንድ ወረቀት ይዤ እንደገና ወረድኩ። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ምን ይዘሽ መጣሽ?"

"ምንም።"

"ሥጋ የለም?"

"የለም። እስክሪብቶ ነው የያዝኩት። የሚጾሙባቸውን ቀኖች ይንገሩኝና ልጻፍ።"

 ከዚያ የመደገፊያቸው እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ፤ በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ሰንሰለቱን አወረዱት። ወንበር ላይ አስቀመጡኝና እንደ የኔታ ከፊቴ ተቀምጠው ያስጽፉኝ ጀመር። ረቡዕና ዓርብ። ዐቢይ ጾም። የሐዋርያት። ፍልሰታ። የነቢያት። ነነዌ። ገሃድ። "ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ይበላል፤ እሱንም ጻፊ፣ ኋላ ሽሮ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ።"

"ጋሼ፣ ታዲያ የሚበሉት መቼ ነው?"

ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዳሌያቸውን ይዘው "አታስቂኝ፣ ያመኛል" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "እናንተስ አትጾሙም?" አሉኝ።

"እንጾማለን። ስንጾም ግን ውሃም ሳንቀምስ ነው፤ ቀኑን ተነጋግረን ነው የምንይዘው።"

"እንዲህ በሉኛ። እኔ ጩኸቱን ብቻ ነው የምሰማው።" ትንሽ አሰቡና፣ "ኖቲሱን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"እናውቃለን።"

"እያወቅሽ ነው የመጣሽው?"

"አዎ።"

 እኔም አጃ በውሃ አፍልቼ አቀረብኩላቸው፤ ሐሙስ የፍስክ ቀን ቢሆንም ወተት ለማድረግ ፈርቼ ነበር። በሉት።

ዓርብ ሶሻል ወርከሯ መጣች። ፍሪጁን ከፍታ አየች፣ መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ ከዚያ ቅጹን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጠዋት ጠዋት የሚረዳዎ ሰው አለ ወይ ብላ አዛውንቱን ጠየቀቻቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው እንዲህ አሉ፦ "ይቺ ሴትዮ ጩኸታም ናት። ግን ትመጣለች።" ሶሻል ወርከሯ ሳቀች፣ ጻፈችም።

ማታ ወደየሥራችን ከመውጣታችን በፊት ለወንድሜ ነገርኩት። ኖቲሱን ማስጻፋቸውን እንዳመኑም ነገርኩት፣ ጩኸታም ያሉኝንም ሳልተው። ሰማኝና ወደ ሥራው ሄደ።

በግንቦት መሥሪያ ቤቴ ሺፍቴን ወደ ጠዋት ቀየረው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መግባት አለብኝ። ብለምናቸውም እምቢ አሉ። ለአዛውንቱ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ለወንድሜ ነገርኩት። "ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?" ብሎ ጠየቀኝ፤ አንድ ሰዓት ላይ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ታክሲውን አቁሞ ሲገባ ከአሳንሰሩ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ወረደ። አዛውንቱን አስታጠባቸው፣ አለበሳቸው፣ ሻይ አፈላላቸው፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ተኛ። እስኪያርፉ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር፣ በየቀኑ እንዲሁ አደረገ።