አርባ አንድ እርምጃ

የመጨረሻው ደህና ቀን ማክሰኞ ነበር። ታላቅ ወንድሜና እኔ ከነቀምት በጠዋቱ ሚኒባስ ተነስተን አርጆ ገባን። በእኛ ቤት ታላቅ በስሙ አይጠራም፤ «ኦቦ» ነበር የምለው። እሱ ደግሞ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ እንኳ «ጉርባ» ማለቱን አልተወም፤ በኦሮምኛ «አንተ ልጅ» እንደማለት ነው።

ኦቦ ከፍተኛ የሕንፃ ታሪክ ባለሙያ ነበር። የሚሠራው በቅርስ ጥበቃ በሚያማክር ድርጅት ውስጥ ነው። መንገድ ሊሰፋ ሲል ከድሮዎቹ ቤቶች የትኛው መትረፍ እንዳለበት አጥንቶ ይጽፋል። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ሜትር ያዥ አደረገኝ። አንድ ሕግ ነበረው። ሜትሩን ያነበበው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሌላው ይደግማል፤ ከዚያ ይጻፋል። ያልተደገመ ቁጥር አይጻፍም።

የዚያን ቀን የለካነው የአንድ የድሮ ባላባት ቤት ነው። የእንጨት በረንዳ አለው፤ ቆርቆሮው ዝጓል። አሁን የሚኖሩበት በዕድሜ የገፉ ሴት ከክፍል ክፍል እየተከተሉን ሲያወሩ ዋሉ። «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ ባሌ አርባ ዓመት አብሮኝ ሲኖር እንዲህ ትኩር ብሎ አላየኝም። እናንተ ግድግዳዬን ሳይቀር ዳሰሳችሁት» አሉ። ኦቦ ሜትሩ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ።

ማር ቤቱ የት እንደነበረ ጠየቃቸው። ድሮ የግብር ማር የሚቀመጥበት ክፍል ነው። መንገዱ ግቢውን ለሁለት ሲከፍለው ማዶ እንደቀረና ሳይፈርስ እንዳልቀረ ነገሩት። ኦቦ ወደ መንገዱ ማዶ ተመለከተ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ ማር ቤቱ ቢገኝ ቤቱን የሚነካው አይኖርም ነበር አለኝ። ግቢው ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ነው የጠፋው።

ለምሳ አንጮቴ በአይብ አቀረቡልን። ኦቦ መጀመሪያ ከቤቱ ጀርባ ዞሮ መርፌውን ተወጋ። ስኳር ከልጅነቱ ጀምሮ አለበት። ኢንሱሊኑን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ትንሽ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጎ ከወረቀቶቹ ጋር በአንድ ቦርሳ ይይዘዋል።

ከምሳ በኋላ እሱ ኮርኒሱን ሊያይ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ውጭ ቀረሁ። የምጽፈው ስለዚህ ነገር ነው።

አንድ ቤት ሲሳል ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር መታሰር አለበት። እንዲህ ብሎ አስተምሮኛል። ዛፍ ይቆረጣል፤ የእንጨት አጥር ይበሰብሳል። ዙሪያውን አየሁ። ከመንገዱ ማዶ የማይንቀሳቀስ የመሰለኝ የፖሊስ ጣቢያው አጥር የድንጋይ ማዕዘን ብቻ ነበር። ከበረንዳው ጫፍ ተነስቼ እየቆጠርኩ ተራመድኩ። አርባ አንድ እርምጃ ሆነ። ወረቀቱ ላይ መስመር ሳብኩና በላዩ «እስከ ፖሊስ ጣቢያ ማዕዘን 41 እርምጃ» ብዬ ጻፍኩ። ሲያየው ያመሰግነኛል ብዬ ነበር።

ሁለት ፖሊሶች መጡ። ኦቦ ከቤት ወጥቶ በትሕትና ሰላም አላቸው። የድርጅቱን ደብዳቤ አወጣ። ወረቀቱንም ራሱ ሰጣቸው፤ የሚደበቅ ነገር ያለው አልመሰለውም። አንደኛው መስመሩን በጣቱ እየተከተለ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ኦቦ ያን ጊዜ ነው ያየው። ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወደ ሰውየው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

ጣቢያ ወስደው መርማሪ ፊት አቀረቡን። እሱም ብዙ አልጠየቀንም። ጫካ ላሉት ነው ወይ የምትስሉት አለ። ኦቦ ስለ ቅርስ አስረዳ። መርማሪው እየሰማ ቦርሳውን ዘግቶ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ኦቦ መድኃኒት እንዳለው ነገረው። «ይታያል» አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በዚያው ለስብሰባ ነቀምት ሄደ።

የታሰርንበት ክፍል ከጣቢያው ጀርባ ነው። ጣቢያው አዲስ ነው፤ ክፍሉ ግን የድሮ ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር እጅ የማያስገቡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። መጀመሪያ የተሰማኝ የእርጥብ ድንጋይና የሽንት ሽታ ነው። አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ኑኑ ቁምባ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ለምን እንደታሰሩ እሳቸውም አያውቁም። «ወዲህ በሉ» አሉን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው። «ቤቱ ጠባብ ነው፤ የሚያስወጣችሁ ግን የለም።»

ኦቦ አልተቀመጠም። መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆመ። ጥፍሩን በድንጋዮቹ መካከል አስገብቶ የፋቀውን አሸተተ። ኖራ ነው አለ። ወለሉን በእግሩ ዳሰሰ። በድንጋዩ መሃል ጣት የምታስገባ ቦይ ተፈልፍላ ወደ በሩ ታዘነብላለች።

ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግሁ። ኦቦ መስመሩ፣ ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩም።

«ጉርባ» አለኝ፣ «ከበሩ ጀምር። ሜትር የለንም፤ በክንድ ለካ።»

ለካሁ። የግድግዳው ውፍረት በበሩ በኩል ሁለት ክንድ ከጭብጥ ነበር። ጠራሁ፤ ደገመ። የሚጻፍበት ነገር ስለሌለ ሁለት ጊዜ ደገመው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የባላባቱ ቤት ግድግዳም ልክ ይህንኑ ያህል ነው። ያን ጊዜ ነው መሬት ላይ የተቀመጠው። ቦይዋ ጋኑ ሲያንጠባጥብ ማሩ የሚወርድባት ናት አለ። መስኮት የሌለው ለእስረኛ ተብሎ ሳይሆን ንብ እንዳይገባ ነው።

«አልፈረሰም» አለ። «ውስጡ ነን። መስመርህ ትክክል ነበር።»

ሽማግሌው ከእኔ ወደ እሱ ተመለከቱና እንግዲህ ማሩን ቀድመው ወስደውታል አሉ። ኦቦ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ፈገግ ሲል አላየሁም።

ረቡዕ ውሃ መጠጣት አበዛ። በራፍ ላይ የሚጠብቀን ወጣት ፖሊስ የዲጋ ልጅ ነበር፤ በጄሪካን እያመላለሰ ሰጠን። ሐሙስ ጠዋት ኦቦ የጠጣውን ማስታወክ ጀመረ። ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ይህን ሽታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እናታችን ስትሰማው ሩጫ ወደ ሐኪም ቤት ነበር።

በሩን ደበደብኩ። ቁምሳጥኑን ስበሩት አልኩ። የዲጋው ልጅ «ቱሪ፣ ቱሪ» እያለ እንድቆይ በእጁ አሳየኝ። ቦርሳው ኤግዚቢት ነው፤ ቁልፉ መርማሪው ጋ ነው፤ ሐኪም ቤት ለመውሰድም የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ስልክ ደውል አልኩት። ኔትወርክ ከተቋረጠ ሁለተኛ ቀኑ ነው። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ያዙ አልኩት። ይህ ለሦስት ቀን ውጬው የቆየሁት ነገር ነው። ልጁ ወለሉን እያየ ሰማኝ።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ» አለ፣ «እናቴም ስኳር አለባት።»

ሄደ። የጣቢያውን ኃላፊ እንደጠየቀ አምናለሁ። ውሃ ይዞ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ትንፋሹ ረዘመ፤ ሩቅ መንገድ እንደሮጠ ሰው በጥልቀት ይተነፍስ ጀመር። ዓይኑን ገልጦ አንድ ልክ ቀርቶናል አለ። የክፍሉ ርዝመት። አሁን ተወው አልኩት። በእጁ ወደ ግድግዳው አመለከተኝ። በጉልበቴ እየሄድኩ ከጥግ እስከ ጥግ ለካሁ። እንዳልሳሳት ደግሜ ለካሁ።

«ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር» አልኩ።

ጠበቅኩ። ከፍ አድርጌ ጠራሁ። ሽማግሌው ወደ ወንድሜ ተጠግተው ነበር። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ ቀስ ብለው፣

«ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር» አሉ።

ከዚያ «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ዓርብ ጠዋት መርማሪው ተመልሶ አስጠራኝ። ቁምሳጥኑ ተከፍቶ ቦርሳው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፔርሙዙም ወጥቷል። ውሃው ሞቆ ነበር፤ ነካሁት። መርማሪው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ወንበር ሰጠኝ። «ሟች የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሏል። አንተን የሚመለከት ነገር የለም። ፈርምና አስከሬኑን ይዘህ ግባ» አለኝ።

ወረቀቱን አነበብኩ። ቶሎ ማንበብ አልችልም፤ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ወንድሜ እኔ ሳላውቅ የጣቢያውን ካርታ ያነሳ እንደነበር ይላል። ብፈርም ኦቦን ነቀምት ወስጄ እናታችን ፊት አስቀብረዋለሁ። እሱም የዋሸው ለዚሁ ነው፤ እኔ እንድወጣ። ነገር ግን በወረቀት ሰላይ ሆኖ ይቀራል።

በዚያ ጠዋት ስላደረግሁት ነገር እናቴ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። ኦቦን ያለእኔ ቀበሩት። እኔ ሰባት ወር ቆየሁ። ስወጣ መንገዱ ሰፍቶ ነበር፤ በረንዳ ያለው ቤት የለም። ሴትየዋ የት እንደገቡ የነገረኝ ሰው አላገኘሁም። ጥናቱን የጨረሰው ሰው የለም። ማር ቤቱ አሁንም እስረኛ ይታሰርበታል አሉ፤ ሄጄ አላየሁትም። ነቀምት ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ደንበኛ የፈለገውን ልክ ሲነግረኝ እደግመዋለሁ። ሰምተህ የለ ወይ ብለው ይቆጡኛል። አንዳንድ ቀን ልክ እንደሠራሁ አስባለሁ፤ አብዛኛውን ቀን ግን አላውቅም።

ያን ዓርብ ጠዋት መርማሪውን የምፈርመው የተሳለውን ወረቀት ካየሁ በኋላ ነው አልኩት። ከቦርሳው አውጥቶ ከእስክሪብቶ ጋር ሰጠኝ። የኦቦ ወረቀቶች ሁሉ ከግርጌ «የለካ» የሚል ቦታ አላቸው። የዚህኛው ባዶ ነበር፤ ሳንጨርሰው ነው የያዙን። እዚያ ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። መርማሪው ምን እያደረግህ ነው አለኝ። መስመሩን በጣቴ ተከትዬ ማዶ ደረስኩ። ከፖሊስ ጣቢያው ማዕዘን ጀርባ አራት ማዕዘን ሳልኩና ውስጡ «ማር ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ርዝመቱን ጻፍኩ፤ ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር። ተደግሟልና።