ጋሽ አምሃና ያልደረሰው የለቅሶ መልእክት

ቴክሳስ ውስጥ ኧርቪንግ ከተማ ያለውን የእድራችንን ኢሜይል አሥራ አንድ ዓመት የያዘው ጋሽ አምሃ ነው። የሆቴል እንግዶችን የሚያመላልስ የሻትል ሹፌር ነው። ሰው ሲሞት በእረፍት ሰዓቱ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሺህ አራት መቶ አባላት ይጽፋል።

ባለፈው መስከረም ኢሜይሉን የምንልክበትን ሰርቨር ያከራየን ካምፓኒ ሲዘጋ፣ ወደ አዲስ አድራሻ መዛወር ግድ ሆነ። ሪቻርድሰን ከተማ በኮምፒውተር ሙያ የሚሠራው የእድራችን አባል ያፌት ረዳው።

«ጋሼ፣ አዲሱን አድራሻ የኢሜይል ካምፓኒዎቹ አያውቁትም። በአንዴ ብዙ ከላክህ ስፓም ውስጥ፣ ሰው ከማያየው ቆሻሻ ደብዳቤ ጋር፣ ይጥሉታል። ሶ፣ ዛሬ ለሃምሳ ሰው፣ ነገ ለመቶ እያልክ ጨምር።»

«እስከ መቼ?»

«አንድ ወር።»

«ሞትን አንድ ወር ታገሠን ልበለው?» ተሳሳቁ።

በአዲሱ አድራሻ መላክ በጀመረ በሦስተኛው ቀን የእድራችን አባል እማማ አበዛሽ አረፉ። ያፌት ወዲያው ደወለ፦ «ለጥቂቱ ላክ፣ ለቀረው በስልክ እንናገር።»

«ማንን አስቀድሜ ማንን ላስከትል? እድር እኮ ነው! ለቅሶ ዘግይቶ የተነገረው ሰው ዕድሜ ልኩን ያኮርፋል።»

ለሁሉም በአንዴ ላከው።

የደረሳቸው ጥቂቶች ሌላውም ሰምቷል ብለው አልደወሉም። ቅዳሜ ቀብሩ ላይ የተገኘው ሃያ ሦስት ሰው ነው። ለሦስት መቶ ሰው የተዘረጋው ወንበር ባዶውን ቀረ። ልጃቸው ሮማነወርቅ ጋሽ አምሃን ጠጋ ብላ፣ «እናቴ የሰው ለቅሶ ሲደርሱ የኖሩ ናቸው፤ ምን በድለው ነው?» አለችው። እሱም ስለ ስፓም ከማስረዳት ይልቅ ባዶዎቹን ወንበሮች ማጠፍ ጀመረ።

እኔ ያን ቀን ግሬፕቫይን ከተማ ሆቴል ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ምንም አልሰማሁም። ሰኞ ደወለልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እስኪ ስፓምሽን እዪልኝ።»

ልጄን በአንድ እጄ ይዤ ከፈትኩት። በጫማ ቅናሽ ማስታወቂያዎች መሃል የእማማ አበዛሽ ፎቶ አለ።

«እዚህ ነው ጋሼ።»

«አውጪውና መልስ ጻፊልኝ። የኢሜይል ካምፓኒዎቹ መልስ ሲያዩ ያምኑናል አሉ።»

አሁን የአርባቸውን ጥሪ በቀን ለሃምሳ ሰው እየላከ ነው፤ የቀረነውን በስልክ ይነግረናል፣ ይቅርታም ይለናል። ትናንት ተራዬ ደርሶ ጥሪው ስፓም ውስጥ ሳይወድቅ ከደብዳቤዎቼ መሃል ገባ። «ደርሶኛል ጋሼ፣ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩለት።

ሮማነወርቅም የእድሩ አባል ናትና ጥሪው ከተላከላቸው ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ አንዷ ነበረች። እስካሁን አልመለሰችለትም።