ገመቹ ሲገባ ዝም ያልንበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ከገባች ገና መንፈቋ ነው።

«አዲስ ሠራተኛ መጥታለች፤ ከማንም ጋር አታወራም። የሆነ ነገርማ አለ፣ አባባ» አለችኝ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ስንት ጊዜ እንዲህ ብያለሁ። ያኔ ከገሳይ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነበርሁ። አገሩ ብርዳም ነው፤ ጉሙ በጥቅምት እንኳ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። ክፍል በሌለን ሰዓት መምህራን ማረፊያው ውስጥ ተጠጋግተን፣ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን እናወራ ነበር። በዚያ ዓመት ከወለጋ ገመቹ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ተመደበልን። ረጅም፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ሰላም ይለናል፣ ጥግ ይይዛል፣ ያዳምጣል። ከዚያ ከኮቱ ኪስ ትንሽ ደብተር ያወጣና የሆነ ነገር ይጽፋል።

መጀመሪያ ያስተዋሉት ጋሽ ካሴ ናቸው፤ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ የአማርኛ መምህር።

«እኔ ስናገር ጻፈ» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «አንተ ስትናገርም ጽፏል።»

«ምን ይሆን የሚጽፈው?»

«የሚያደርስበት ቦታማ አያጣም።»

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከእጁ አልተነቀለም። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩን «ነገር ቆስቋሽ» ብዬ ሳማው ጻፈ። በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ ስለ ማርፈዴ ሲቆጣኝ ነገሩ ተገጣጠመልኝ። ማርፈዴ እውነት መሆኑ ትዝም አላለኝ። ገመቹ ሲገባ ወሬ ማቆም ጀመርን፤ ድንቹንም ብላ የሚለው ጠፋ። በመጨረሻ ጋሽ ካሴ ገመቹ እንዲዛወር ማመልከቻ አረቀቁ። «ከባልደረቦቹ ጋር ተግባብቶ መሥራት አልቻለም» ይላል። ስድስታችንም ፈረምን።

ሚያዝያ ላይ ገመቹ ርዕሰ መምህሩ አስጠርቶት ከማረፊያው ሲወጣ ደብተሩን ወንበር ላይ ረሳው። ብቻዬን ነበርሁ። በሩን እያየሁ ገለጥሁት።

በአማርኛና በኦሮምኛ ጎን ለጎን የተጻፉ ቃላት ናቸው። «አፈር ስሆን ብላ» ከሚለው ፊት ለፊት «እርግማን?» ብሎ ሰርዞታል። ከሥሩ «አይደለም፤ ልመና ነው። አከራዬ ነገሩኝ» ይላል። የእኔም «ነገር ቆስቋሽ» አለች፤ «እሳት የሚያነድ ሰው?» ብሎባታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ስገባ ዝም ይላሉ። ምን አጥፍቼ ይሆን? ማንን ልጠይቅ?»

ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። በእጁ ደብዳቤ ይዟል።

«ልታስቀምጥልኝ ነው?» አለኝ።

«አዎ፤ ወንበር ላይ አግኝቼው።»

ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተው። «ተዛውሬያለሁ» አለ። «ባልደረቦችህ ጠየቁ አሉኝ። እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልሁት።

ትንሽ አየኝ። አላመነኝም። ግን እጄን ጨብጦኝ ወጣ።

ይህን ስነግራት ልጄ «ኋላስ ይቅርታ ጠየቁት?» አለችኝ። አልጠየቅሁትም። ያን ዓመት ሁሉ ስለ እሱ እርስ በርስ ስንጠያየቅ ከረምን እንጂ፣ እሱን ራሱን አንድም ነገር የጠየቀው ሰው የለም። ዛሬ የአባቱን ስም አውቃለሁ፤ የማውቀው ግን እሱ ነግሮኝ ሳይሆን ከፈረምሁበት ወረቀት ላይ አንብቤ ነው።