ከመኪናው ሃያ አራት ቮልት፣ ከአልጋው አጠገብ ሃያ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሙቀቱ በበረታበት በሰኔ ወር፣ ሰመራ ፊዚክስ ሳስተምር ነው። አሁን አዋሽ ሰባት ኪሎ ተዛውሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ የኦምን ሕግ በጻፍኩ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። አንድ ጊዜ ከነስሌቱ ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

የምኖረው በእማማ ሉባባ ግቢ ተከራይቼ ነበር። ከወሎ መጥተው ለዓመታት ሻይ ቤት የሠሩ እናት ናቸው። ሳንባቸው ስለደከመ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነበር። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ልጃቸው ሙሳ መኪናውን ከግድግዳው ሥር ያቆምና ኢንቨርተሩን በአጭር ሽቦ ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል። ኢንቨርተር የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ሳጥን ነው። ሙሳ ሁልጊዜ የሚያስቀምጠው ቤት ውስጥ፣ ከአልጋው አጠገብ ነው። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ኢንቨርተርን የሚገድለው ፀሐይ ነው ይላሉ።

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ሙሳ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ ገና ከድንበሩ ወዲህ ዲቾቶ ላይ ነበር። እህቱ ዘይነባ ደወለችለት። እማማ ሉባባን ወደ ሐኪም ቤት ልንወስዳቸው ብናስብም በእጃቸው ከለከሉን።

«ከቤቴ አታውጡኝ፤ ሙሳን ልየው» አሉ፣ በቃላቱ መካከል እያረፉ።

ዘይነባ በነጠላ ጫማ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። መጀመሪያ የቆመላት ባዶ ተሳቢ ይዞ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ፣ የማናውቀው ሹፌር ነበር። ተሳቢው በጠባቧ መንገዳችን መታጠፍ ስላልቻለ መኪናው ራቅ ብሎ ቆመ። ያገኘነውን የቤት ሽቦ ቀጣጥለን ከባትሪው እስከ አልጋው አደረስነው። ኢንቨርተሩን እንደ ሙሳ ልማድ አልጋው አጠገብ አስቀመጥነው። ማሽኑ ተነሣ፤ ወዲያው ኢንቨርተሩ ይጮህ ጀመር፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

«ባትሪህ ሞቷል?» አለችው ዘይነባ።

«የኔ ባትሪ? አንቺ፣ ይህ ባትሪ ሌላ መኪና ያስነሣል!»

ቮልት መለኪያ ቴስተሬን አምጥቼ እንደገና አስነሣነውና ለካሁ። ባትሪው ላይ ሃያ አራት ቮልት አለ። ኢንቨርተሩ ጋ የደረሰው ሃያ ብቻ ነው፤ ቮልቱ እንዲህ ሲወርድበት ጮሆ ራሱን ያጠፋል። ማሽኑ ላይ ሦስት መቶ ሃያ ዋት ተጽፏል፤ ለሃያ ሲካፈል ዐሥራ ስድስት አምፔር ይሆናል። በሽቦው ላይ የቀረው አራት ቮልት ለዐሥራ ስድስት ሲካፈል ደግሞ የሽቦው ሬዚስታንስ ሩብ ኦም ነው። አራት ቮልት በዐሥራ ስድስት አምፔር ሲባዛ ስልሳ አራት ዋት ሽቦውን በማሞቅ ይባክናል ማለት ነው። ሽቦውን ነካሁት፤ እውነትም ሞቋል።

«ኢንቨርተሩ መኪናው ጋ ይሁን!» አልኩ። «ቮልቱ እዚያው ወደ ሁለት መቶ ሃያ ከፍ ካለ በዚሁ ሽቦ የሚያልፈው አምፔር አንድ ተኩል ገደማ ብቻ ይሆናል፤ የሚቀረው ቮልት ደግሞ...»

«መምህር» አለ ሹፌሩ ኢንቨርተሩን ታቅፎ እየሮጠ፣ «እኔን ነገ ታስተምረኛለህ፤ አሁን እሳቸው ይተንፍሱ!»

ከባትሪው አጠገብ አስቀመጠውና ሽርጡን ከጋቢና አውጥቶ ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ሠራለት። ሽቦውን አገናኘን። ማሽኑ ተነሣ፤ አልቆመም። የእማማ ሉባባ የጠቆረ ከንፈር ቀስ በቀስ ወደ መልኩ ተመለሰ።

ሹፌሩ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ስልኩ ደጋግሞ ይጠራል፤ አንሥቶ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላቸዋል። ሻይ ስወስድለት «ልጃቸው የት ደረሰ?» ብቻ ይጠይቀኛል።

ሙሳ መኪናውን ለረዳቱ ትቶ በሚኒባስ ደረሰ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። እናቱ ፊቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ጠቁረሃል። ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ እማ።»

አለመብላቱን ሁላችንም አውቀናል። እሳቸውም ያወቁ ይመስለኛል፤ ፈገግ አሉ። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሻቸው እየተራራቀ ሄደ። ሙሳ በጆሯቸው ሸሃዳ እያለላቸው፣ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ አረፉ።

ማሽኑ ግን መሥራቱን አላቆመም። ዘይነባ ማልቀስ ጀመረች፤ ሙሳ ራሱን ፍራሹ ላይ ደፍቷል፤ ማሽኑ ለማንም ያልሆነ አየር ይነፋል። ማንም እጁን አልዘረጋም። በመጨረሻ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ለሹፌሩ ልነግረው ስወጣ ቆሞ ጠበቀኝ። ማሽኑ ሲጠፋ የኢንቨርተሩ ማራገቢያ ስለቆመ ቀድሞ ገብቶታል።

«ኢና ሊላሂ» አለ። «ልጃቸው ደረሰ አይደል?»

«ደርሷል።»

ሞተሩን አጠፋ። ሽርጡን አጥፎ፣ ሙሳን ሊያጽናና ወደ ግቢው ገባ። መቼ እንደሄደ አላየሁም፤ ስሙንም አልጠየቅሁትም። አዋሽ ላይ ተሳቢዎች ለምሳ ሲቆሙ እስካሁን ጋቢናቸውን አያለሁ።

ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ለእናትና ልጅ ያችን አጭር ሰዓት ሰጥቷል። ይህን ሳስብ እጽናናለሁ። ሆኖም ክፍል ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ሳስረዳ፣ ጠመኔ የያዘው እጄ ያንን ማጥፊያ የነካው እጅ መሆኑ ትዝ ይለኛል። ያኔ ተማሪዎቼን ቀሪውን ራሳችሁ አስሉት እልና ትንሽ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።