ስንጥቋ የተወሰደባት ጀልባ

አባንግ ኦቹዶ ስትናደድ አትጮኽም። ድምፅዋ ዝቅ ይላል። አማርኛዋም ከወትሮው ይጠራል፤ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው አንስታ የምታስቀምጥ ይመስላል። ያን እሁድ ስትደውልልኝ የሰማሁት ይህንኑ ድምፅ ነው።

«ጀልባችንን አይተሃል?»

«የቷን?»

«ስንት ጀልባ አለን? ግባና እያት። ከዚያ መልሰህ ደውልልኝ። ቁጣዬ ሳይበርድ ቶሎ በል።»

ጀልባዋ ያለችው ባሮ ወንዝ ላይ አይደለም፤ ስልካችን ውስጥ ነው። ሰው በስልክ ውስጥ ላለች ጀልባ እንዴት እንደዚያ እንደሚቆጣ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ጨዋታውን ላስረዳ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እሱ ማስረዳት ደስ ይለኛል።

ጨዋታው «ማዶ» ይባላል። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባበታል። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ይጫወታል፣ ሌላው ነጋዴ፣ ሌላዋ መድኃኒት አዋቂ። «ሂድ ወደ ወንዝ»፣ «ያዝ መቅዘፊያ»፣ «እይ ጀልባ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ጨዋታው በጽሑፍ ይመልስላችኋል። እኛ አገር ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮ ይቆማል፣ ፎቶ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ጽሑፍ ግን እየተንፏቀቀም ቢሆን ይደርሳል። ስለዚህ እኛ ከጋምቤላ ከተማ መሃል፣ ጓደኛችን ኛጋይ ፑኝዶ ካለው ሱቋ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከአልዌሮ ግድብ አጠገብ ካለው የሩዝ እርሻ ሆነን አንድ ወንዝ ዳር እንገናኛለን።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሥዕል በሌለበት ጨዋታ ውስጥ ዕቃ ማለት ስለ ዕቃው የተጻፈው ነው፤ ሌላ አካል የለውም። «ጀልባ። ለመሻገር ያገለግላል» ተብሎ ከተጻፈ ያላችሁ ጀልባ ያ ብቻ ነው። አባንግ ግን እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ጠባብ ጀልባ። ከኋላዋ በግራ በኩል ስንጥቅ አላት፤ በጨርቅና በጭቃ ተደፍኗል።» ይህን ያነበበ ሰው እጁ አያርፍም፤ «እይ ስንጥቅ» ብሎ ይጽፋል። ስንጥቁ ይመልስለታል። «እይ ጨርቅ» ይላል፤ የአባንግ እናት የድሮ ቀሚስ ቁራጭ ሆኖ ያገኘዋል። በዝናብ ወራት የገባ ሰው ጭቃው ልስልስ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ከመግፋቱ በፊት ካልጠቀጠቀው ወንዙ መሃል እግሩ ይርሳል። የአባንግ ሕግ አጭር ነበር፦ በስም የጠራኸው ነገር ሁሉ ሲነኩት ይመልስ፤ ካልመለሰ አትጥራው።

ብዙ ሰው ሀብታም ጽሑፍ ሲባል ረጅም ጽሑፍ ይመስለዋል። አይደለም። የአባንግ ጀልባ ላይ ላዩን ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ወደ ውስጥ ግን ማለቂያ አልነበራትም። እኔ ቀሚሱን ባገኘሁ ዕለት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ከመውረጃዬ አልፌ ሄጃለሁ።

አባንግ የጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የደም ናሙና ስታይ ትውላለች፤ ያየችውን ትጽፋለች፣ ያላየችውን አትጽፍም። ጀልባዋንም ከራሷ አላመጣቻትም። አባቷ ኦቹዶ ከከተማው ከፍ ብሎ ባለው የባሮ ዳርቻ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስንጥቅ ያላት ጀልባ የእሳቸው ነበረች። ጀልባዋን ጎርፍ ወሰዳት፤ ከዚያ ወዲህ የዓይናቸውን ብርሃን ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ቀስ በቀስ ወሰደው።

እሁድ እሁድ አባንግ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ማንጎው ሥር ወንበር ታወጣላቸዋለች። ስልኳን ትከፍትና «ማዶ»ን ታነብላቸዋለች። እሳቸው በአኙዋክኛ ያዛሉ፤ እሷ በአማርኛ ትጽፋለች። «ግፊያት።» «ቁሚ።» «ስንጥቋን እያት፤ ውኃ ገብቷል?» ለእኛ ለሌሎቹ ስለ ዕቃው የተጻፈው ጌጥ ነበር። ለእሳቸው ግን ዓይናቸው ነበር።

እንግዲህ ገብቼ «እይ ጀልባ» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ ይህ ነው፦

«ከለምለም ደንገል በጥበበኛ እጆች የተጠመረች፣ እንደ ሐይቅ ወፍ በውኃው ላይ የምትንሳፈፍ፣ ጠረኗ የንጋትን ጤዛ የሚያስታውስ ውብ ታንኳ።»

ደንገል! ባሮ ላይ! ደንገል ጣና ዳር የሚበቅል ተክል ነው፤ እየታሰረ ታንኳ ይሠራበታል። የባሮ ጀልባ ግን ከግንድ ይፈለፈላል። ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «ማዶ»ን የሠራው አዶኒያስ የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ሒሳብ ይሠራል። ጨዋታውን ብቻውን፣ ከሥራ መልስ፣ ማንም ሳያግዘው ነው የሠራው፤ ይህን አልክድበትም። ዕቃዎቹን እንድትጽፍና ጠባያቸውን እንድትወስን ለአባንግ ፈቃድ የሰጣትም እሱ ነው። ሁሉንም የመለወጥ ሥልጣን ግን በእጁ ቀርቶ ነበር።

«እይ ደንገል» ብዬ ጻፍኩ። «እንዲህ ያለ ነገር የለም።» «እይ ጤዛ።» «እንዲህ ያለ ነገር የለም።» ተናደድኩና ለአባንግ ደወልኩላት።

«ለአባቴ እያነበብኩለት ነበር» አለችኝ። «ሳልጨርስ እጁን አነሳ። ‹ይህ የማን ነው?› አለኝ። ‹እግሬን የት ነው የማደርገው?› አለኝ። ምን ልበለው? ወፉ ላይ ልበለው? ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ቤት ገባ።»

ከዚያ የተጫዋቾቹ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባች።

«አዶኒያስ፣ የአባቴን ጀልባ መልስ።»

«አባንግዬ፣ ላሳምረው ብዬ እኮ ነው» ብሎ መለሰ። «ከአዲስ አበባ አዳዲስ ሰዎች እየገቡ ነው። ያንቺ ጥሩ ነበር፤ ብቻ ትንሽ ደረቅ ሆነባቸው። አማርኛውን ለስለስ አደረግኩት።»

«ደረቅ? ውኃ የሚገባበት ጀልባ እንዴት ነው ደረቅ የሚሆነው?»

ኛጋይ ከፑኝዶ ጣልቃ ገባች። «አዶኒ፣ ታንኳህን ከፍየል ጠብቃት። እኛ ሰፈር ካሳደርካት ጠዋት የለችም።»

«ኛጋይ፣ አሁን ቀልድ ይቅርብሽ።»

«የድሮውን መልስ» አለች አባንግ።

አዶኒያስ መለሰ። «አልችልም። በላዩ ላይ ነው የጻፍኩት። ቅጂ አላስቀረሁም።»

«ማዶ» ውስጥ ያነበባችሁት ጽሑፍ ወደ ላይ ሄዶ ይጠፋል፤ የሚቀመጥ ነገር የለም። አባንግ ያችን ጀልባ አንድ ሙሉ ክረምት አባቷ እየነገሯት፣ እዚያው ጨዋታው ውስጥ፣ ስም በስም ነበር የሠራቻት። ጨርቁ፣ ጭቃው፣ ከፊት በኩል በእጅ ብዛት የለሰለሰው ጠርዝ፣ ሁሉም ሄደ። ስለ ለምለምነት ሲባል።

ሌላ ሰው ቢሆን ጨዋታውን ትቶ ይወጣ ነበር፣ ወይም የአዶኒያስን ጽሑፍ አጥፍቶ ሌላ ይጽፍ ነበር። አባንግ እንዲህ አላደረገችም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከጣና ዳር የመጣ ባልደረባ ነበራት፤ እሱን ይዛ የደንገል ታንኳ ምን ጠባይ እንዳለው ጠየቀችው። ደንገል ውኃ ይጠጣል አላት። ከውኃ በወጣ ቁጥር ቆሞ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ እየከበደ ይሄድና አንድ ቀን ጭነቱን ይዞ ይወርዳል። አባንግ አመሰገነችው። ከአዶኒያስ ጽሑፍ አንዲት ፊደል አልነካችም። ጠባይዋን ጽፋ ታንኳዋ የተባለችውን እንድትሆን ብቻ አደረገቻት።

በጨዋታው የገበያ ቀን ሁላችንም ወንዙ ዳር ነበርን። አዶኒያስ የሚጫወተው ጨው ነጋዴ ሆኖ ነው። ጨዉን በታንኳዋ ጫነና ገፋ። በሁላችንም ስልክ ላይ መጣልን፦

«ታንኳዋ ውኃ ጠጥታለች። ከተሠራች ጀምሮ ማንም አላደረቃትም።»

«ቅዘፍ» ብሎ ጻፈ።

«ታንኳዋ ከበደች።»

«እይ ደንገል።»

«ደንገሉ እርጥብ ነው። አገሩ ሳለ የሚያደርቀው ሰው ነበረው። እዚህ የለውም።»

«ተመለስ! ተመለስ!»

«ጨዉን ውኃ ነካው።»

ኛጋይ ከዳር ሆና ጻፈችለት፦ «አዶኒ፣ እንደ ሐይቅ ወፍ ተንሳፈፍ እንጂ!»

ሰጠመ። ከኋላው ዕቃቸውን የጫኑትም አብረውት ሰጠሙ። ሳቅንበት፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

በማግስቱ አዶኒያስ ባጃጅ ይዞ ወደ አባንግ ቤት ሄደ። እኔም አብሬው ተሳፈርኩ። ላስታርቅ ነው ብዬ ነገርኩት፤ ማየትም ፈልጌ ነበር። አባንግ ልብስ ስታሰጣ አገኘናት። ኦቹዶ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል፤ ስልክ አጠገባቸው የለም።

«ጨዋታዬን አበላሸሽው!» አለ አዶኒያስ ገና የግቢውን በር ሳይዘጋ።

«ምኑን?»

«ታንኳዋን! የስንት ሰው ዕቃ ሰጠመ!»

«ደንገል ናት አላልክም? ደንገል አደረግኳት። ቃልህን ነው ያከበርኩልህ፤ አንተ ራስህ ያላከበርከውን።»

«አባንግ፣ ጽሑፍ እኮ ነው! ሌላ መስመር መጻፍ ነው!»

አባንግ የያዘችውን ልብስ ገመዱ ላይ አደረገች። ድምፅዋ ያን ጊዜ ወረደ።

«አንተ ባሕር ዳር ስትሄድ ታንኳውን ታየዋለህ። ጽሑፉ ባይኖር ምንም አይቀርብህም። አባቴ ግን ከዚህ ወንበር ተነሥቶ ወንዙ ላይ የሚወርድበት መንገድ ያ መስመር ነበር። አንተ መጥተህ ወፍ አስቀመጥክበት።»

ኦቹዶ አዶኒያስን በአማርኛ ጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ ና። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ያንተ ጀልባ፣ የሣሯ። የት ነው የምትቀመጠው?»

አዶኒያስ መጀመሪያ የሚያሾፉበት መስሎት ዞር ብሎ አየኝ። ኦቹዶ መልሱን ይጠብቃሉ። እያመነታ ጀመረ። አጎቱ ታንኳ ነበረው። መሃል ላይ ሌላ የደንገል እስር ይደረጋል፤ መቀመጫው እሱ ነው፤ ቢሆንም ሱሪ ሁልጊዜ ይረጥባል። ማታ ሁለት ሆነው ጎትተው ያወጧትና ግድግዳ ላይ ያቆሟታል። ውኃው ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ቤት ውስጥ ይሰማል። ስታረጅ ጫፏ ይላላል፤ አጎቱ በጥርሱ ገመድ እየሳበ ያጠብቀው ነበር።

እኔ ይህን ስሰማ ከአባንግ የባሰ ተናደድኩ። ጥርስ! የሚንጠባጠብ ውኃ! ይህን ሁሉ እያወቀ ነው «የንጋት ጤዛ» ብሎ የጻፈው! የሰው ጀልባ አጥፍቶ በቦታዋ የራሱን እንኳ አላስቀመጠም። የአጎቱም ታንኳ፣ የኦቹዶም ጀልባ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ጠፍተው ነበር።

«ጥሩ ናት» አሉ ኦቹዶ። «አገሯ ላይ ጥሩ ናት። የኔ ወንዝ ላይ ለምን መጣች?»

«ይቅርታ አባባ። እርስዎ ይንገሩኝ፤ እኔ እንደነበረው መልሼ እጽፈዋለሁ።»

«አባንግን ጠይቃት።»

አዶኒያስ ዞሮ አያት።

«እኔ አንዴ ጽፌዋለሁ» አለች።

ኦቹዶ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጀልባ ከአፍ አይወጣም። ከግንድ ነው። ግንድ ስጠኝ።»

አዶኒያስ ስልኩን አወጣ። ታንኳዋን ከወንዙ ዳር አነሣ፤ በቦታዋ አዲስ ዕቃ ከፈተ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ግንድ።»

«ምን ዓይነት ግንድ? ግዙፍ ልበለው? ዘመናትን ያስቆጠረ...»

«አየኸው?»

አዶኒያስ የማይታየውን ግንድ የሚፈልግ ይመስል ስልኩን ትኩር ብሎ አየ። «አላየሁትም።»

«እንግዲያው ግንድ በል።»

ጻፈ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ እንጠርበዋለን። እሁድ እሁድ። አንተም ትመጣለህ፤ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ። ለዛሬ ግንድ ይበቃል።»

«እስከዚያ ተጫዋቾቹ በምን ይሻገራሉ?»

«አይሻገሩ» አሉ ኦቹዶ።

አባንግ እጇን በቀሚሷ አድርቃ መጣች። ስልኩን ሳትለምን ከእጁ ወሰደችው። ቆማ ጻፈችና መልሳ ሰጠችው። ጎንበስ ብዬ አብሬው አነበብኩ፦

«ግንድ። ገና ጀልባ አይደለም። ለምን መሻገር እንደማትችሉ አዶኒያስን ጠይቁት።»

አዶኒያስ ሁለት ጊዜ አነበበው። ጆሮው ቀላ። «ይቺን የመጨረሻዋን ላጥፋት?» አላት።

«ንካትና እይ» አለችው አባንግ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅዋ፤ ወደ ልብሷም ተመለሰች።