አባቴ ቅኔ አይገለበጥም ያሉበት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ለማሠራት ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ገባን። ሠሪው «ባድ ሴክተር አለው፤ ባክአፕ አለሽ?» ሲላት «አለኝ» ብላ ስልኳን መነካካቷን ቀጠለች። እኔ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እነዚህን ቃላት መጀመሪያ የሰማሁት ፍኖተ ሰላም ነው፤ ሚሊኒየሙ በገባበት መስከረም፣ ከአባቴ ጋር።

አባቴ ቋሪት ውስጥ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ሲፈዝ ጉባኤውን ትተው እኔ እንግሊዝኛ ወደማስተምርበት ወደ ቡሬ መጡ። ቅኔ ለተባለበት ቀን ነው፤ አይደገምም፣ ነገ ሌላ ይቀኛሉ። እሳቸው ግን ማስታወሱም እየከዳቸው ሲሄድ ጊዜ ፈሩ መሰለኝ፣ ክረምቱን ሙሉ ያልጠፋባቸውን እየነገሩኝ ኮምፒውተሬ ላይ ጻፍኩላቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። ግዕዝ ስለማላውቅ ፊደል በፊደል ነበር የምለቅመው። «ፍቺውን ይንገሩኝ እንጂ» ስላቸው «መጀመሪያ እንጨርስ» ይሉኛል። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ከለከሉኝ፤ ሌላ ቦታ እንዳልገለብጠው። ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ለእሳቸው ከመድገም አይለይም።

መስከረም ላይ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ቡሬ የሚነካው ሰው ስላላገኘሁ ሲፒዩውን በጋቢያቸው ጠቅልለን በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄድን። መናኸሪያው በር ላይ የበቆሎ እሸት ይጠበስ ነበር። ገዛሁላቸው፤ አልቀመሱም።

ሠሪው ጌትነት የሚባል ጨዋ ወጣት ነበር። ፈታትቶ ሲያበቃ «የኔታ፣ ቡት አያደርግም። ባድ ሴክተር ነው» አላቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ? የእንግሊዝ አፍ አይደለም እንዴ?»

ምን ልበላቸው? ቡት የማውቀው ጫማውን ነው፤ ሴክተር ደግሞ የወረዳውን መሥሪያ ቤቶች። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ አላውቅም አልል። «ታሟል ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ይድናል ወይ በይው።»

ጌትነት መልሶ «ባክአፕ አላችሁ?» አለ። እሱም አልገባኝም። «ሌላ ቦታ የተገለበጠ ማለቴ ነው» ሲል አባቴ ቀደሙኝ። «ቅኔ እኮ ነው ልጄ። እንዴት ተብሎ ይገለበጣል?» ልጁ «እስቲ ልሞክር» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ «ሪከቨር አድርጌዋለሁ፤ ተገኝቷል» ብሎ ጠራን። ልቤ ዘለለ። ስንከፍተው ግን ገጹ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሳጥን ነው። ፎንቱን፣ የፊደሉን መልክ ማለት ነው፣ ቢቀያይር ቢቀያይር ያው ሳጥን። «ኮራፕት ሆኗል» አለ ቀስ ብሎ። ይህን ማንም ሳይፈታልኝ ገባኝ።

አባቴ ስክሪኑ አይታያቸውም። «በይ አንብቢልኝ» አሉ።

«የለም አባባ። ጠፍቷል።»

«ሁሉንም የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ? እስቲ የአንዱን መነሻ በይልኝ፤ ቀሪውን እኔ እሞላዋለሁ።»

ጣቶቼ የለቀሙት ፊደል ነው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባ ነገር አልነበረም። አፈርኩ፣ አለቀስኩም። «አላስታውስም» አልኳቸው።

«እኔም» አሉ።

በጥር አረፉ። ለተዝካራቸው ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጥተው አዲስ አዲስ ቅኔ ተቀኙ። የእሳቸውን የደገመ አልነበረም፤ ልማዱ ነዋ። ቡት የኮምፒውተሩ መነሣት፣ ባድ ሴክተርም የተበላሸ የዲስክ ክፍል መሆኑን ቆይቼ አወቅሁ። ግዕዝም ዘግይቼ ተማርኩ፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ሲባል ምሥጢሩ ይገባኛል። የአባቴን ግን የምፈታው የለኝም።